በአማቹ ደም የተመረመረው ሰው

ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ሳስተምር፣ የቀረ ተማሪ ስም ሲጠራ ድምፁን ለውጦ «አቤት» የሚል ጓደኛ ከክፍል ጠፍቶ አያውቅም። ጆሮዬ ለዚህ ነገር የሠለጠነ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህ ሙያዬ ያስፈልገኛል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ያውም ክሊኒክ ውስጥ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የደም ግፊቴን ልለካ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተራዬን እጠብቃለሁ። ነርሷ ከበሩ ብቅ አለችና የጎረቤቴን ስም ከነአባቱ ጠራች። ጎረቤቴ የክሬን ኦፕሬተር ነው፤ ሰውነቱ በር የሚሞላ፣ ሳቁ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ሰው ስለሆነ ከሰው መሐል አይጠፋም። ዞር ብዬ ፈለግሁት፤ የለም። «አቤት» ብሎ የተነሳው የሚስቱ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ነው። ይህን ሰው ሰፈሩ «ክሩ» ይለዋል፤ ከቅጥነቱ የተነሳ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል እያሉ ይቀልዱበታል።

ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ክሩ ክው አለ፤ ነርሷ ግን እጅጌውን እንዲሰበስብ እየነገረችው ስለነበር ተከትሏት ገባ። እኔስ? ስንቱን ተማሪ በጆሮው ይዤ ከክፍል ያስወጣሁት ሰውዬ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። በሰው ፊት እንዴት አዋርደዋለሁ ብዬ ነው። ይሉኝታ የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያጃጅላል።

ሲወጣ ጠብቄ በሩ ላይ ያዝኩት። ክንዱን በጥጥ ተጭኖ ይዟል።

«ይህ ደም የማን ነው?» አልኩት።

«የኔ ነው መምህር።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስምስ?»

ግራ ቀኙን አይቶ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ። «እባክዎን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ። ጋሼ ማክሰኞ ዕለት የክሬኑ ጋቢና ውስጥ እንዳለ ደረቱን ጭምቅ አደረገው። ግራ ክንዱ ደነዘዘ። መንጠቆው ላይ አንድ እስር ብረት ተንጠልጥሎ ነበር። ማንሻውን እንደጨበጠ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆየ። ታች ያሉት ነፋሱ እስኪያልፍ የሚጠብቅ መስሏቸዋል።»

«ለሐኪም ነገረ?»

«ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ክሬኑ ለጥገና ቆሟል፤ ሰኞ ይነሳል። ቅዳሜ የጤና ወረቀት ካላቀረበ አይወጣም። የኔ ደም እንደሚያዩኝ ነው፤ ስብ የሚባል አላውቅም። ወረቀቱን እሱ ይያዝ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ አሳምኜ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ።» ጥጡን አጥብቆ ተጫነና ጨመረ፦ «እህቴ ስትሞት እጄን ይዛ ‹ባሌን አደራ፣ እንዳይከፋው› ብላኛለች።»

ከግንባታው እስከ ቤቴ አርባ እርምጃ ነው። መንጠቆው ሲዞር ጥላው በመስኮቴ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ሐሳቡ የጎረቤት ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር የገዛ ጣሪያዬም አስጨንቆኛል። «ለልጁ እነግራታለሁ» አልኩት። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል አፍሬ «እሺ፣ እስከ ነገ» ብዬ ለቀቅኩት። ይህን ቃል በመስጠቴ እስከ ዛሬ ራሴን እታዘባለሁ።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፣ ጎረቤቴ ቤት አንኳኳሁ። ኦፕሬተሩ ገበታ ላይ ነበር። በቅቤ የተጠበሰ አራት እንቁላል፣ ከነስቡ የተቆረጠ ሥጋ፣ ከመጥበሻው ዘይት የሚያጠቅስበት ነጭ ዳቦ። ክሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይዟል፤ አይቶኝ እንዳላየ ሆነ። የቤቱ ልጅ ከሥራዋ መግባቷ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች፤ በልጅነቷ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። አባቷ እሷ የምትሠራበትን ሆስፒታል ትቶ ክሩን ወደ ክሊኒኩ የላከው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

«አባዬ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?» አለችው ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

«ለሰው ማን አለሽ? ለክሬን ነው። ክሬን ያለ ነዳጅ ብረት ያነሳል?»

«ነዳጅም እኮ ይጣራል። ያልተጣራ የምትጨምርበት ሞተር ቱቦው ይደፈናል።»

«ይኸው መጣች!» አለና ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ደብተር አስያዟት፤ አሁን የአባቷን ትሪ ታርማለች።»

«ከታረመ ይሻላል» አልኩ፤ ድምፄ ግን ደካማ ነበር።

ልጅቱ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ላስቸግርህ አይደለም። ኮሌስትሮል የሚሉት ሰም የመሰለ ስብ ነው። ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ትንሹ ያስፈልገናል። መጥፎ የሚባለው ሲበዛ ግን የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠብባል። ጥሩ የሚባለው ደግሞ ትርፉን እየለቀመ ወደ ጉበት ይመልሳል። የሥጋ ስብ፣ ቅቤና የረጋ ዘይት መጥፎውን ያበዙታል።»

«የት አመመኝ? ያላመመኝን ነገር ምን ብዬ ልታከመው?»

«ክፋቱ እሱ ነው፤ አያምም። ሰው የሚያውቀው የደም ሥሩ ከጠበበ በኋላ፣ ደረቱን ጨመቅ ሲያደርገው ወይም ክንዱ ሲደነዝዝ ነው።»

የኦፕሬተሩ ቀኝ እጅ ወደ ደረቱ ተነስታ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረችና ዳቦ አነሳች። እኔ ክሩን አየሁት፤ ክሩ ሻዩን አየ። ልጅቱ ሁለታችንንም አየችን። «ምን አለ?» አለች።

ሆድ ካገር ይሰፋል የተባለው እውነት ነው፤ የዚያን ቀን የኔ ሆድ ሰው ሊያስቀብር የሚችል ምስጢር ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ኦፕሬተሩ ጥያቄዋን አልወደደውም። ድንገት ተነስቶ ወንበር ላይ የተጣጠፈውን ጥቁር ሱሪ አነሳ። «ምስክር ከፈለግሽ ይኸው። እናትሽን ያገባሁበት ሱሪ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! ዛሬም ልክ ነው። እኔ ወፍሬ ቢሆን ሱሪው አይናገርም ነበር? ሰው ይዋሻል፣ ሱሪ ይዋሻል?»

«ሱሪ የደም ምርመራ አይደለም አባዬ።»

«ይህ በሽታ የወፍራም ሰው ነው ትላላችሁ። እኔ ደግሞ እንኳን ልወፍር እንደ ሙሽርነቴ ነኝ። ወፍራም ነህ ብትሉኝም መልስ አለኝ፤ ወፍራም እስኪከሳ ቀጭን ይሞታል ይባላል።» የክሩን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «እሱን ፍሩለት!»

ከክሩ በቀር ማንም ፈገግ አላለም። የክሩም ፈገግታ ከአንገት በላይ ነበረች።

«መክሳት ማስረጃ አይሆንም» አለች ልጅቱ። «አጎቴ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ አይነሳም። ምሳው ሁለት ቦምቦሊኖና ሻይ ነው። ሲጋራውም አለ። ወላጆቻቸው ያወረሷቸው ደግሞ አሉ፤ ምንም ሳይወፍሩ ደማቸው የሚከፋ።»

«እኔን ከነገሩ አውጪኝ» አለ ክሩ ቶሎ ብሎ።

ኦፕሬተሩ ሱሪውን ለክሩ ወረወረለት። «ተኩስልኝ፤ ሰኞ እሱን ለብሼ ነው ሥራ የምገባው። አንቺም ነገ ውጤቴ ሲመጣ አፍሽን ትይዣለሽ።»

«ደስ እያለኝ እይዛለሁ» አለች። «የእማዬን ሳጥን የተሸከምኩ ልጅ ነኝ። ያንተን መሸከም አልችልም፤ ሌላ ምንም የምፈልገው ነገር የለኝም።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ሳታነሳ ነው። አባቷ የቀረችውን ዳቦ በዘይቱ አጥቅሶ ምግቡን ጨረሰ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቁልፉ የወለቀ ኮቴን ይዤ ክሩ ሱቅ ሄድኩ። ቁልፍ እንዲተክልልኝ ሳይሆን የዝምታ ቃሌን ማንሳቴን ልነግረው ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ መስታወት፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ወለል። የኦፕሬተሩ ሱሪ ተተኩሶ ተሰቅሏል። አፌን ስከፍት በሩ ተበረገደና የሱሪው ባለቤት ገባ። ፊቱ ቀልቷል። እጁ ላይ የያዘውን ወረቀት ማሽኑ ላይ ጣለው።

«ምን ዓይነት ደም ነው ያለህ አንተ ሰው?»

ክሩ ወረቀቱን አንስቶ ወደኔ ዘረጋው፤ ተቀብዬ አነበብኩለት። መጥፎው ኮሌስትሮል መቶ ዘጠና ስድስት። ከጎኑ «በጣም ከፍተኛ» ተብሎ ተሰምሮበታል። ግርጌው ላይ ሐኪሙ በእጁ «የሥራ ብቁነት ወረቀት አይሰጥም፤ ቀርበው ያነጋግሩኝ» ብሎ ጽፏል።

«ንጹህ ነው አላልከኝም? ስብ አላውቅም አላልከኝም? ለወረቀት ብዬ ባስገባሁህ አንተው ወረቀቴን አስከለከልከኝ!»

ክሩ ቁልቁል አየና ማሽኑ ላይ ተደገፈ። ያን ጊዜ ልጅቱ ከምሳ ዕረፍቷ ተጣድፋ ገባች፤ ውጤቱን ለማየት አባቷን ስታሳድድ ነው የመጣችው። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤ አነበበች፤ ቀለሟ ተለወጠ። «አባዬ…» ብላ ልትይዘው ስትል ከኋላ የክሩ ድምፅ መጣ።

«እኔ ልሞት ነው እንዴ?»

ዞረች። «አንተ ምን ሆነህ?»

ውጭ የሚያልፍ ሰው ሲስቅ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት መዋሸት ነው፤ እስከዚያም ዋሽቼ ነበር። «ልጄ፣» አልኩ፣ «ደሙ የአጎትሽ ነው። በአባትሽ ስም ሲሰጥ ትናንት በዐይኔ አይቻለሁ። ደብቄሻለሁ። ማክሰኞ ዕለትም አባትሽ ጋቢና ውስጥ ደረቱን ይዞት፣ ክንዱ ደንዝዞ ነበር።»

አልጮኸችም። የጨርቁ ክምር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች። ከመዳፎቿ ሥር ተናገረች፦ «ሦስት ትልልቅ ሰዎች። ሦስታችሁም እያወቃችሁ። ትናንት እዚያ ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ሱሪ ስታወሩ ነበር።»

ኦፕሬተሩ ግን ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው አይደለም። «ይኸው ታየ አይደል?» አለ። «የከፋው የሱ ደም ነው። የኔ ገና አልታየም። ማክሰኞ የያዘኝም ብርድ ነው። እኔ ከሠርጌ ጀምሮ አልተለወጥኩም፤ ሱሪውን ጠይቁት!»

ክሩ ቀስ ብሎ ሱሪውን ከማንጠልጠያው አወረደ። ወገቡን ገልብጦ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ከቀበቶው ማሰሪያ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ጠባብ ጠባብ የጨርቅ ጥብጣቦች ጎን ለጎን ተቀጥለዋል። አንዱ ከአንዱ ጥቁረቱ ይለያል፤ አንዳንዱ አዲስ ነው፣ አንዳንዱ ታጥቦ ግራጫ ሆኗል።

«ስምንት ነው ጋሼ» አለ። «እህቴ ከሞተች ስምንት ዓመት። በየዓመቱ ለመተኮስ ስትሰጠኝ ጠበበህ እንዳልል ፈራሁና አንድ ጣት አንድ ጣት እየጨመርኩ ሰፋሁት። ‹ያው ነኝ› ብለህ ስትስቅ ደስ ይለኝ ነበር። አደራዋን የጠበቅኩ መስሎኛል። ዘንድሮ ጨርቅ አልበቃ ሲለኝ ደሜን ጨመርኩ።»

ኦፕሬተሩ ሱሪውን ተቀበለው። በወፍራም ጣቱ ጥብጣቦቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሰማይ ላይ ተቀምጦ አሥር ኩንታል ብረት በአንድ ጣት የሚያዞር ሰው፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሚዛኑ ጠፋበት። ሳቁ፣ ቀልዱ፣ ምሳሌው ሁሉ አለቀ።

ስልኩ ጮኸ። የግንባታው ፎርማን ነው፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ወረቀቱ ደረሰ? ሰኞ ጠዋት የጣሪያውን ብረት በመንገዱ ላይ አሻግረን ነው የምናነሳው፤ ከአንተ በቀር የማምነው ሰው የለም።»

ልጅቱ ቀና አለች። አባቷ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሱሪውን አየ።

«ወረቀቱ አይመጣም» አለ። «ማክሰኞ ብረቱን አየር ላይ ያቆየሁት ለነፋስ አይደለም፤ አሞኝ ነው። ሌላ ሰው ፈልግ። እስክድን አልወጣም።»

ስልኩን ዘጋና ክንዱን ወደ ልጁ ዘረጋ። «በይ፣ አሁን የኔን ቅጂ።»

«መጀመሪያ ሐኪም ልብህን ያያል» አለችው። በዚያው ሰዓት ሱቁን ዘግተን አራታችንም ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ነገር ካልደፈረሰ አይጠራም። ሐኪሙ የልቡን ምት በኢሲጂ መሣሪያ አነሳ፤ በሚሽከረከር መረማመጃ ላይ እያስኬደ ልቡን ተከታተለ፤ ሁለት ቀን አስተኝቶ መረመረው። «የደም ሥርህ አልተዘጋም» አለው፤ «መንገዱን ግን ጀምረኸዋል። መጥፎው ኮሌስትሮልህ መቶ ስልሳ ስምንት ነው። ሦስት ወር እሰጥሃለሁ፤ በምግብና በእንቅስቃሴ አውርደው። ካልወረደ መድኃኒት ትጀምራለህ። ደረትህን ዳግመኛ ከያዘህ ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቅ።» ክሩ ደግሞ አባቱም በአርባ ስድስት ዓመቱ ድንገት እንደሞተ ሲጠየቅ ተናገረ። የሱ በዘር የመጣ ስለሆነ ኪኒን ከመጀመሪያው ቀን ታዘዘለት፤ ምግቡንም ሲጋራውንም መለወጥ ግን ግዴታው ሆነ። ተፈጥሯዊው መንገድ ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ይህን የምጽፈው ኪኒኑን ጥሎ ባቄላ ብቻ የሚይዝ አንባቢ እንዳይኖር ነው።

የመጀመሪያው ወር ጦርነት ነበር። ልጅቱ የረጋውን ዘይት ከቤት አስወጣች፤ በፈሳሽ ዘይት፣ እሱንም በማንኪያ ለክታ ተካችው። ጠዋት በእንቁላሉ ፋንታ በውሃ የተቀቀለ አጃ ቀረበ። ኦፕሬተሩ ሳህኑን አይቶ «ይህን ፈረስ ነው የሚበላው» አለ።

«ፈረስ በልብ ድካም ሲሞት አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

አያውቅም ነበርና በላ። ምሳው ባቄላ ወይም ምስር ከጎመን ጋር ሆነ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ፣ ለመክሰስ ከነልጣጩ ፖም ወይም አንድ እፍኝ ለውዝ። ሥጋውን አልከለከለችውም፤ ስቡን ቆርጣ አሳነሰችው እንጂ። አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ የተጠበሰ ድንች ሲበላ አገኘሁት። ወረቀቱን ኪሱ ሊከት ሲል «ይሉኝታ ይቅር ተባብለናል» አልኩት። ሳቀና የቀረውን ሰጠኝ፤ እኔም በላሁት። ሁላችንም ገና ተማሪዎች ነበርን።

በየቀኑ ማታ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ኦፕሬተሩ ክሩን ከማሽኑ ላይ በክንዱ እያነሳ ያመጣዋል፤ ሦስታችን ግንባታውን ዞረን እስከ ወንዙ ድልድይ አርባ ደቂቃ እንራመዳለን። መጀመሪያ ላይ ኦፕሬተሩ መሐል ላይ ቆሞ ትንፋሽ ይሰበስብ ነበር፤ ኋላ ኋላ የሚያስቆመን ክሩ ሆነ፤ በመጨረሻ እኔ። ክሬኑን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ቀና ብሎ ያይና ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ከአጃው ይልቅ እንደምትከብደው አውቃለሁ።

ሦስት ወር ሞላ። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ የተነሳው ራሱ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል ወደ መቶ ሠላሳ አንድ ወርዷል፤ ክብደቱ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሷል፤ እንቅልፉ ተስተካክሏል፤ የፎቅ ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል። ወረቀቱን በገዛ ደሙ ተቀበለ። ክሩም ሲጋራውን ትቶ ደሙ መቶ አሥር ገብቷል። እኔም፣ መካሪው፣ ተመርምሬ ያገኘሁትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ለልጅቱ ግን ነግሬያታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ከዚህ ሰፈር የተማርኩት ደግሞ የሚወዱትን ሰው በሽታ አብሮ መደበቅ መውደድ አለመሆኑን ነው።

ሥራ ሊገባ በዋዜማው ጥቁሩን ሱሪ ለብሶ ክሩ ሱቅ መጣ። ወገቡን ሲለቀው ሱሪው ወደ ታች ተንሸራተተ፤ አብራው የመጣችው ልጁ ዞር ብላ ሳቀች። ክሩ መቀሱን አንስቶ «ጋሼ፣ ጥብጣቦቹን ልፍታልህ?» አለው።

«መጀመሪያ ለካኝ» አለ ኦፕሬተሩ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ እየቆመ።

ክሩ ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አዞረ። ስምንት ዓመት እንደለመደው ቁጥሩን በዐይኑ ብቻ አይቶ ሊያጥፈው ሲል ኦፕሬተሩ እጁን ያዘው።

«ጮክ ብለህ» አለው። «እኔም ልስማው።»

ክሩ ጉሮሮውን ጠረገና ቁጥሩን ተናገረ።